ከተስቦ ቤት ወደ ምጥ ቤት

በጠላት ዘመን ነው። ጣሊያን፣ አምበር ከተባለችው ከተማ አጠገብ ያለ አንድ መንደር ሲያቃጥል ሕዝቡ ወደ ቆላው ሸሸ፤ ተስቦም ተከትሎት ወረደ።

ወይዘሮ ደብሪቱ የመንደሩ አዋላጅ ነበሩ። አንድ ጠዋት በተስቦ የወደቀ ጎረቤታቸውን ሲያገላብጡ ሳለ፣ የእህታቸውን ልጅ ወለተ ኪዳንን ምጥ እንደ ያዛት ሰሙና እየሮጡ ወጡ። ወንዙ ዳር ሲደርሱ አንዲት የማያውቋት ሴት በትልቅ ማሰሮ ልብስ ስትቀቅል አገኙ። አመተ ሥላሴ ትባላለች። ከወረራው በፊት አዲስ አበባ ሐኪም ቤት አስታማሚ ነበረች፤ አሁን አርበኞቹ በሠሩት የዳስ ሐኪም ቤት የአገሩን ሴቶች ማስታመም ታስተምራለች።

“እንደምን አደሩ፣ እናቴ? ምነው እንዲህ ተቻኮሉ?”

“የእህቴ ልጅ ምጥ ላይ ናት። ከተስቦ ቤት መምጣቴ ነው፤ አታስቁሚኝ።”

አመተ ሥላሴ እጅ ነሥታ መንገዱ ላይ ቆመች። “በማርያም ይዤዎታለሁ፣ እንዲህ እንዳሉ አይግቡባት።”

ደብሪቱ ደማቸው ፈላ። “እኔን? የአገሩን ልጅ የተቀበልሁት በዚህ እጅ ነው! ደግሞስ የእግዜር ቁጣ በውሃ ይታጠባል?”

“ቁጣውን አላጥብም፤ ቅማሉን ግን እገድላለሁ። ተስቦን ከሰው ወደ ሰው የሚያደርሰው እሱ ነው፤ አሁንም ቀሚስዎ ላይ ይኖር ይሆናል። ወላድን የሚያነድዳት ትኩሳት ደግሞ ባልታጠበ እጅና ባልተቀቀለ ምላጭ ይገባል።”

“እሱስ የሰው ዓይን ነው።”

“ዓይን ቢሆን ኖሮ፣ ሐኪም ቤት እጃችንን በሳሙና ስንታጠብ ትኩሳቱ ባልቀነሰ ነበር።”

“ታዲያ እጄ ርኩስ ነው ልትዪኝ ነው?”

“እንዴት ብዬ! ቄሱ ቁርባኑን ሳይነካ እጁን የሚታጠበው እጁ ረክሶ ነው? የሚነካው ስለ ከበረ እንጂ። ወላድም ክብርት ናት።”

ደብሪቱ እጃቸውን አገላብጠው አዩ። የመጀመሪያ ልጅ ምጥ እንደሚቆይ ደግሞ ያውቃሉ። ልብሳቸውን ለማሰሮው ሰጥተው የተቀቀለ ቀሚስ ለበሱ፤ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ድረስ ታጠቡ፤ የፈላ ምላጭና ክር በንጹሕ ጨርቅ ይዘው ከአመተ ሥላሴ ጋር ገሠገሡ።

ጎጆው በሴት ተሞልቷል። ቤቷ የተስቦ በሽተኛ ያስተኛችው ጎረቤት ወለላ የወለተ ኪዳንን ወገብ ልትይዝ ብድግ አለች።

“ወለላ፣ አትንኪያት!” አሉ ደብሪቱ። “ታጥበሽ፣ ልብስሽን ቀቅለሽ ነገ ትጠይቂያታለሽ።”

“እኔን ነው፣ እትዬ?”

“እኔም ተብያለሁ። ተቆጥቼም ነበር።”

አመተ ሥላሴ ፈገግታዋን በነጠላዋ ሸፈነች። ፀሐይ ሳትጠልቅ ወለተ ኪዳን ወንድ ልጅ ተገላገለች።

ደብሪቱ ግን ገና አላመኑም። ትኩሳቱን ፈርተው በየጠዋቱ የወለተ ኪዳንን ግንባር ይዳስሱ ነበር፤ ግንባሯ ግን ቀዝቃዛ ነበር። ሕፃኑም እትብቱ ደርቆ በደህና ወደቀ። ያኔ ወደ ወንዙ ወርደው፣ “ልጄ፣ የቀረውን አስተምሪኝ” አሉ።

ከዚያ ወዲህ ተስቦ የሚያስታምሙ ሴቶች ምጥ ቤት መግባታቸው ቀረ፤ አዋላጅም እጇን ሳትታጠብ፣ ምላጯን ሳታፈላ ወላድ አትነካም። ይህ ማገዶና ትዕግሥት ብቻ ነው የጠየቀው፤ ያተረፈው ግን እናት ነው። እናት የተረፈችለት ቤት ደግሞ ጦርነት ቢያፈርሰውም መልሶ ይቆማል።

ሕፃኑ ክርስትና በተነሣ ዕለት ወለተ ኪዳን ልጇን ታቅፋ በእግሯ ዳገቱን ወጣች። ወይዘሮ ደብሪቱ ከኋላዋ ሆነው እልል አሉ።