አርባ ቀን ስልክ የያዘልኝ ሰው

ነይ የውብዳር፣ ግቢ እህቴ። በዚህ ሙቀት ከሄሮን ሰፈር ድረስ በሚኒባስ መጣሽ? ማራገቢያው ስር ተቀመጪ፤ ቀዝቃዛ ውሃ ላምጣልሽ። ልጆቹ ደህና ናቸው?

እኔማ ደህና ነኝ። መጋዘኑ ጸጥ አለብኝ እንጂ። ከሐዘን ተነስቼ ከከፈትኩ ይኸው ወር ሆነኝ፤ አንዲት ካርቶን አልገባችም። ነፍሱን ይማረውና በባለቤቴ በሀይለየሱስ ጊዜ እዚህ በር ላይ መተላለፊያ ይታጣ አልነበር? ሹፌሮቹ የጋላፊን ድንበር አልፈው ጅቡቲ ሲገቡ ስልካቸው ላይ «እቃ ማስቀመጫ ቡላኦስ» ብለው ሲፈልጉ፣ መጀመሪያ የሚወጣው የእኛ ስም ነበር። እሱም እዚያው ገጹ ላይ ላመሰገነውም ለወቀሰውም በስሙ እየጠራ መልስ ይጽፋል። «ሰው በር ላይ ቆሞ ሰላም ሲልሽ ዝም ትያለሽ እንዴ?» ይለኝ ነበር።

ደግሞ አንድ ጎረቤት አለን… ስሙን ምን አስጠራኝ፣ ደግ ሰው ሲያመሰግኑት ያፍራል። ለቅሶው ላይ ከእኔ እኩል ያለቀሰው እሱ ነው። «አንቺ ምንም አታስቢ፤ የሀይለየሱስን ስልክ ስጪኝ፣ ለደንበኞቹ መርዶውን እኔ እነግራለሁ» አለኝ። የሐዘንተኛን ሥራ መጋራት ወጋችን ነው፤ ሰጠሁት። አርባ ቀን ሙሉ ያዘልኝ። ስንቱ ወንድም እንዲህ ያደርጋል? ሲመልስልኝ ባትሪው እንኳ ሙሉ ነበር!

ባለፈው ሳምንት የድሮው ደንበኛችን አልአዛር ደወለ። «እትዬ፣ የስልኩ ካርታ ላይ እኮ ‹እስከመጨረሻው ተዘግቷል› ይላል፤ ጎረቤትሽ ዘንድ አራገፍኩ» አለኝ። ደንግጬ የሀይለየሱስን ስልክ ከፈትኩ። ለካ ገጻችን የተዘጋው ከዚያው ስልክ ነው! ቀኑን አየሁት… የሠልስቱ ዕለት። አሳቢነቱ ይታይሽ። እኔ እንባዬን ሳልጠርግ፣ እሱ እንዳልደክም ብሎ ሥራዬን አቀለለልኝ።

የእሱ መጋዘን ገጽ ደግሞ በሳምንቱ ተከፈተ። ጎበዝ ነው! በአምስት ቀን ውስጥ ሃያ ሁለት ሰው አምስት አምስት ኮከብ ሰጠው። ግማሾቹ የሚስቱ ወንድሞች ቢሆኑስ፣ ዘመድ አይመስክር የተባለው የት ነው? አንዱማ «ቅዝቃዜው ልዩ ነው» ብሏል። ያንን ቆርቆሮ ቤት በሐምሌ? ምስኪን፣ ከአዲስ አበባ ሆኖ ይሆናል የጻፈው…

ፎቶውም ያምራል። የእኛ መደርደሪያ ነው። ምን ያድርግ፣ ስልኩ እጁ ላይ ነበር። የሀይለየሱስን ፊት ቆርጦ አውጥቶታል፤ ክንዱን ግን ጥግ ላይ ተወልኝ። የሸሚዙን እጅጌ የጣፍኩት እኔ ነኝ… እየከፈትኩ አየዋለሁ። ይህንንስ ሌላ ማን ያስብልኛል?

ትናንት የእህቴ ልጅ ጸደንያ መጥታ ገጹን መለሰችልኝ፤ አሁን «ክፍት ነው» ይላል። ዛሬ ጠዋት ሁለት ሹፌሮች ደወሉ፤ አንደኛው እቃውን ነገ ያመጣል። አንቺ በጎረቤቴ በር በኩል አይደል የምታልፊው? እንዳይደነግጥ ቀስ ብለሽ ንገሪው። ምስጋናዬንም አድርሺልኝ።

እግዚአብሔር ዕድሜውን ያርዝምለት። ቤቱን ይሙላለት። ባለቤቱንም ይጠብቅለት፤ ክፉ ቀን የመጣባት ዕለት ደግሞ… ልክ እንደሱ ያለ ጎረቤት አያሳጣት።