ትርንጎ ያልያዘችው ቢራ

በእኛ ጊዜማ የጭፈራ ቤት ፎቶ ማንሳት ትዕግሥት ይጠይቅ ነበር፣ ስሙኝ ልጆቼ፣ ቀልድ አልነበረም። የካሜራውን መዝጊያ ቶሎ ከዘጋኸው ፍላሹ ሰውየውን እንደ ኖራ ያነጣዋል፣ ኋላው ጨለማ ይሆናል። ታዲያ እኔ መዝጊያውን ከፈት አድርጌ አቆየዋለሁ፣ ፍላሹ ብልጭ ሲል ፊቱን ቀጥ አድርጎ ይይዘዋል፣ የቀረው፣ መብራቱም ትከሻውም፣ እንደ ውሃ ይፈሳል። ትርንጎንም ያነሳኋት እንዲሁ ነው፣ ፒያሳ ጭፈራ ቤት እስክስታ ትጫወት በነበረ ጊዜ። ፊቷ ጥርት ያለ፣ ትከሻዋ ጭስ የመሰለ፣ ሁለት እጇ ወገቧ ላይ። ሸጋ ፎቶ ነበር።

እና ትርንጎ ጭፈራውን ትታ፣ አግብታ ወልዳ፣ ዓመታት አለፉ። አምና አንድ ጠዋት ፎቶ ከማነሳበት ሱቄ መጣች፣ ዓይኗ ቀልቷል።

«አያ ደሴ፣ ሰዎቹ ምነው እንዲህ አደረጉኝ?» አለችኝ።

«ምን ሆንሽ?»

«ጭፈራ ቤቱ ደጅ ሄደው ይዩት።»

ሄጄ አየሁት። የጭፈራ ቤቱ ባለቤት ያንን የእኔን ፎቶ ትልቅ ባነር አሳትሞ ደጁ ላይ ሰቅሎታል፣ ያውም በኮምፒውተር ሌላ እጅ ቀጥሎ የቢራ ጠርሙስ አስይዟታል። ትርንጎ መጠጥ በአፏ ዞሮ አያውቅም። ደሜ ፈላ። ሳስበው አሁንም ይፈላል።

«አንተ፣ ማንን ጠይቀህ ነው?» አልኩት።

እሱ ስልኩን እየነካካ፣ እንዲህ በአፍንጫው፣ «አያ ደሴ፣ ቤቴ ውስጥ የተነሳ ፎቶ አይደለም እንዴ? ደግሞስ ይኼን ሁሉ ዘመን ቆይቶ ማን ያውቃታል?» አለኝ።

ታዲያ ትርንጎ ተከትላኝ ከኋላዬ ቆማ ኖሯል። ድምጿን ከፍ አላደረገችም። «ልጄ አወቀችኝ» አለችው። «ከጓደኞቿ ጋር ስታልፍ አየችው፣ እናቴ አይደለችም አለቻቸው።»

መንገደኛው ቆሞ ያያል። አንዷ አስተናጋጅ መሰላል አምጥታ አቆመችልኝ፣ እኔም በዚህ ጉልበቴ ወጥቼ ገመዱን ቆረጥኩት። እሱ ይቅርታ አላለም። እስካሁን አላለም። በቀደም ደግሞ ደውሎ፣ «ለበዓሉ መጥተው ያንሱልን» አይለኝ መሰላችሁ። «መጀመሪያ ትርንጎ ደጅ ሂድ» ብዬ ዘጋሁበት።

«ልጅቷስ አያ?» አላችሁኝ?

ልጅቷማ ከእናቷ ጋር ሱቄ መጣች፣ ዋናውን ፎቶ አሳየኋት። አየችው፣ አየችውና፣ «እማ፣ ትከሻሽን እንዴት ነው እንዲህ የምታደርጊው?» አለቻት። ትርንጎም ነጠላዋን አስቀምጣ እዚያው ሱቄ ውስጥ አሳየቻት። ካሜራው እጄ ላይ ነበር። አላነሳሁም፣ ያ የእነሱ ነው።