አራት ኪሎ የማይሞላ ብርቱካን

ነይ ኤልሳቤት፣ ከሱቅሽ ብቅ በይና ትንሽ እንጫወት። ገበያው ዛሬ ተኝቷል፤ ከጠዋት ጀምሮ የሸጥኩት ሁለት ዚፕ ነው። ድምፃችንን ብቻ ቀነስ እናድርግ፣ በሩ ላይ ፌስታላቸውን አስቀምጠው ጋዜጣ የሚያነቡትን እንግዳችንን እንዳንረብሽ…

የኤክስቴንሽን ትምህርቴ እንዴት እንደጣመኝ ልንገርሽ! ካልኩለስ ላይ ፓወር ሲሪስ የሚሉት ማለቂያ የሌለው ድምር ውስጥ ገብተናል። አንዲት ክፍልፋይ ይሰጡሻል፤ ከላይ አንድ፣ ከታች አንድ ሲቀነስ ኤክስ። ስታካፍያት አንድ ይደርስና ኤክስ ይተርፋል። እሱን ስታካፍዪ ኤክስ ይደርስና ኤክስ ስኩዌር ይተርፋል። ሁልጊዜ የሚተርፍ አለ! መምህራችን መጨረሻው ላይ ሦስት ነጥብ ደርድሮ «እንዲህ እያለ ይቀጥላል» አለን። ክፍሉ ሁሉ ግራ ሲጋባ እኔ ብቻዬን ሳቅኩ። ምነው አልስቅ? እኛ ቤት ስንት ዓመት የተመላለሰ ሲሪስ አለ አይደል…

እህቴን ሩሀማን ላግባት የሚል አንድ ጨዋ ሰው አውቃለሁ። ጨዋ ስልሽ! «ከምርጫው በኋላ እንጋባለን» ብሎ ሁለት ኪሎ ብርቱካን አመጣ። ምርጫው አለፈ፤ «ሚሊኒየሙ ይለፍ» ብሎ አንድ ኪሎ። ከዚያ «ኮንዶሚኒየም ይድረሰኝ» ብሎ ግማሽ። ዛሬ ደግሞ… ሩብ። ፌስታሉ ራሱ ከብርቱካኑ ሳይከብድ አይቀርም። ግን በየጊዜው ልክ ግማሽ በግማሽ፣ አንድ ግራም ሳያዛባ! እንዲህ ያለ እርግጠኛ ሰው ዛሬ ከየት ይገኛል?

ግማሽ በግማሽ እያነሰ የሚሄድ ነገር ድምሩ ቀድሞ ይታወቃል። ባለፈው ሳምንት ደብተሬ ላይ ሠራሁት፤ የዛሬዋን ሩብ ሳይቀር አውቄያት ነበር። ሁለትን፣ ለአንድ ሲቀነስ ግማሽ ስታካፍዪው… አራት! ለዘላለም ቢመላለስ፣ ያ ሁሉ ፍቅር አራት ኪሎ አይሞላም። ስሌቱን ለሩሀማ አሳየኋት። አምስት ዓመት የጠበቀች ልጅ ቀኑን ሙሉ አለቀሰች፤ እኔም አንጀቴ አልቻለም፣ አብሬያት አለቀስኩ። በማግስቱ ፊቷን ታጥባ፣ ላግባሽ ሲላት የከረመውን የጭድ ተራውን ነጋዴ በፍቃዱን እሺ አለችው። እሱ ምስኪን ሲሪስ አያውቅም። አንድ ቀን ብቻ ነው የቆረጠው፤ ጥር አሥራ ሦስት። ሽማግሌዎቹ እሁድ ይመጣሉ።

ለዚያ ጨዋ ሰው ግን ክፉ አልመኝም። እግዜር ለሰርጉ ያድርሰው፣ እድሜውንም ማለቂያ የሌለው ያድርግለት… የቀረችዋን ሩብ ኪሎ ይዞ ለሩሀማ ልጅ ክርስትና ለመምጣት ያብቃው። አሜን በይ እንጂ! እንግዳችን፣ እርስዎም አሜን ይበሉ።