በሩ ላይ ማን ይቆማል?

ክቡር ፕሬዚዳንት፣ ክቡራትና ክቡራን፣ የሥራ ባልደረቦቼ፤

ለጡረታ ስንብቴ ወንበሩን ለደረደራችሁ፣ አዳራሹን ላሳመራችሁ፣ "ንግግሩ አጭር ነው" ብላችሁ ሰው ለሰበሰባችሁ ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ። ባለቤቴ ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች። ከረዘመባት ሰዓቷን ታያለች፤ እኔ ደግሞ እሷን አያለሁ።

ብዙዎቻችሁ ይህን ዩኒቨርሲቲ የምታውቁት በዛሬ ቁመናው ነው፤ ጤናው፣ ሕጉ፣ ኮምፒውተሩ፣ ቀኑ፣ ማታው፣ ቅዳሜና እሁዱ። እኔ የማውቀው ከጨርቅ ሱቄ በላይ ያለች አንዲት ክፍል ሳለ ጀምሮ ነው። ያኔ የሒሳብ መምህር የነበሩት ፕሬዚዳንታችን ክፍሏን ሊከራዩ መጡ።

"ምን ሊነግዱባት ነው?" አልኳቸው።

"ላስተምርባት ነው" አሉኝ።

እውነቱን ልናገርና አዘንኩላቸው። የመጀመሪያዎቹ የሒሳብ አያያዝ ተማሪዎች ወንበር ሲያጥራቸው የእኔን ጣቃ ጨርቅ እየተደገፉ ተማሩ። ጨርቁ ተሸጦ ሲያልቅ ተማሪው ግን በዛ። የትኛው ንግድ እንደሚያዋጣ ያን ጊዜ ገባኝና ሱቁን ለወንድሜ ትቼ ተማሪ ተቀባይ ሆኜ ወደ ላይ ወጣሁ።

ሕግ የጀመርነው የተዘጋ ሲኒማ ቤት ተከራይተን ነው። ወለሉ ወደ ፊት ያዘነብላል። የወደቀ እስክሪብቶ ሁሉ ተንከባሎ መምህሩ እግር ሥር ይቆማል። መምህሩም ለቅመው ኪሳቸው ይከቱና "ማን እንዳንቀላፋ ማስረጃው በእጄ ነው" ይሉ ነበር።

እኔ ወደዚህ ቤት ያመጣሁት አንድ ልማድ ብቻ ነው። ነጋዴ ጠዋት ደጁ ላይ ይቆማል። እኔም በሩ ላይ ቆሜ የሚገባውን ሁሉ "እንደምን አደራችሁ፣ ዛሬ ምን ልትማሩ ነው?" ማለት ጀመርኩ። ውሎ አድሮ ተራ ወጣለት፤ መምህሩም፣ ዲኑም፣ ጸሐፊዋም በየተራ ቆሙ።

አጥብቀው የተቃወሙት ሬጅስትራራችን ናቸው፤ ከጀርባቸው "እሜቴ ማህተም" የምትሏቸው። ስሙን ማን እንዳወጣ ዛሬም አልናገርም።

"ዩኒቨርሲቲ ሱቅ አይደለም" አሉኝ።

"ሱቅማ ቢሆን፣ ደንበኛ ሲጠፋ የት ገባ ብለን እንጠይቅ ነበር።"

ከዚያ በኋላ ኮሪደር ላይ ስንገናኝ ግድግዳውን ሰላም እያሉ ያልፉኝ ጀመር። ታዲያ ጉንፋን ጣለኝና ተራዬ ለእርሳቸው ደረሰ። ቆመው ሳለ ከመንገዱ ማዶ ሰማያዊ ጋውን በክንዷ የያዘች ሴት ያያሉ። በሩን ታያለች፣ ታያለች፣ ትሄዳለች። በማግስቱም እንዲሁ። እሜቴ አላስቻላቸውም፤ መኪና በእጃቸው አስቁመው ተሻገሩ። ሴትየዋ የክሊኒክ ጽዳት ሠራተኛ ነበረች። ነርስ መሆን ትፈልጋለች፤ ቀን ግን ሥራ ላይ ናት። "አይሆንም" እንዳትባል ፈርታ ሳትጠይቅ ትመለሳለች።

እሜቴ በዚያው ሳምንት ስብሰባ ላይ "ማታ ብናስተምርስ?" አሉ። የማታው የነርስ ትምህርት እንዲህ ተጀመረ። ዛሬ ተማሪዎቻችንን ሆስፒታል ውስጥ የምታለማምደው ያቺው ሴት ናት። አትደበቂ፣ አይቼሻለሁ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። የምንገባበት አዲስ ሕንፃ በካርድ የሚከፈት በር አለው። የዕቅድ ክፍል "እንግዲህ የበር ተራው ይቅር" ብሏል። ውሳኔው ፕሬዚዳንታችን ጠረጴዛ ላይ ነው። ባለፈው ሳምንት ቢሯቸው ገብቼ ተከራከርን።

"ማሽኑ ማን እንደገባ ይነግረናል" አሉኝ።

"ያልገባውንስ?"

ሊፈርሙ ያነሱትን ብዕር መልሰው አስቀመጡት። ያን ዕለት ማስታወሻዬ ላይ "አልፈረሙም፤ ገና እየተዋዋልን ነው" ብዬ ጻፍኩ።

በማሽኑ ላይ ቂም የለኝም። ዋጋውን ተከራክሬ ያስቀነስኩት እኔው ነኝ። ይተከል፤ ግን አጠገቡ ሰው ይቁም። ያ በወረቀት የተጠቀለለው ስጦታ የግድግዳ ሰዓት ይመስለኛል። ሰዓቱን አልመልስም፤ ከሰዓቱ ይልቅ ግን የበሩ ተራ እንዳይቀር ብታደርጉልኝ ደስ ይለኛል።

ደግሞም ባዶ እጄን አልመጣሁም። ትናንት እሜቴ ዘንድ ሄጄ ለቅዳሜና እሁዱ የኮምፒውተር ትምህርት ተመዝግቤያለሁ። ባለቤቴ ይህን ገና አሁን መስማቷ ነው፤ ሰዓቷን ማየት ያቆመችው ለዚህ ነው። እሜቴ ማህተሙን ሲመቱልኝ "ቅዳሜ በሩ ላይ የምቆመው እኔ ነኝ፤ ማንም ምንም ቢወስን" አሉኝ።

ስለዚህ ክቡር ፕሬዚዳንት፣ የእሁዱ የበር ተራ ክፍት ነው፤ እርስዎን ይጠብቃል።

ራስዎን በእሺታ ሲነቀንቁ አየሁ። አዳራሹ ሙሉ ምስክር ነው፤ እንግዲህ ተዋውለናል።

ጤና አይለያችሁ። ልጆቻችሁ ይደጉ፣ ያስተማራችኋቸው ይለፉላችሁ፣ አዲሱ ቤት ይስፋችሁ። ከመንገዱ ማዶ ቆሞ የሚያመነታ ሰው ሁልጊዜ የሚሻገርለት አይጣ።

እሁድ ጠዋት እንገናኝ፣ መምህር። ምን ልትማር ነው ሲሉኝ መልሴን አዘጋጅቼ እመጣለሁ።