የማትሸሸው ለቀስተኛ

ከወልዲያ ወጣ ባለች መንደር፣ የአስፈሪ ፊልም ቀረጻ ላይ፤ የዳይሬክተሩ ረዳት ኪሩቤል፣ ለቀስተኛ ሆነው እንዲሠሩ ከመንደሩ የተጠሩትን እማማ ስንዱን ከሬሳ ሣጥኑ አጠገብ ይዞ ይሟገታል።

ኪሩቤል፦ ኧረ በፈጠረዎት እማማ! ሙቱ ከሣጥኑ ብድግ ሲል ይሸሻሉ እንጂ ሄደው ያቅፉታል?

ስንዱ፦ እግሬ እንቢ አለኛ!

ኪሩቤል፦ ደጋግመን ቀረጽን እኮ! ሰው ሁሉ ነጠላውን ጥሎ ሲፈረጥጥ እርስዎ ጥምጥም! ይኼ እንዴት ሆኖ ነው የሚያስፈራው?

ስንዱ፦ ዱቄት የተቀባ ጎረምሳ ነው፣ ምኑ ያስፈራኛል?

ኪሩቤል፦ የፈሩ ይምሰሉ! ፀሐይዋ እየሄደችብን ነው። ዳይሬክተሩ እንደ ባቄላ ቆሎ ይንጣጣብኛል።

ስንዱ፦ ይንጣጣ! ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል በለው።

ኪሩቤል፦ ሴትዮዋን ቀይር እያለኝ ነው።

ስንዱ፦ ቀይረኛ! ማን ያዘህ?

ኪሩቤል፦ በማን ልቀይርዎት? እንደ እርስዎ የሚያለቅስ ከየት ይመጣል? ጠዋት አንዳርጌ፣ አንዳርጌ ሲሉ ካሜራማኑ ራሱ እንባውን ይጠርግ ነበር። ቆይ ግን... አንዳርጌ የሚባል በድርሰታችን የለም።

ስንዱ፦ የሞተባችሁን እየጠራችሁ አልቅሱ ያላችሁት እናንተ!

ኪሩቤል፦ ልጅዎ ነው?

ስንዱ፦ በመተማ ወጣ። ሊቢያ ገባሁ አለ። ከዚያ ጓደኛው ደወለ፤ ጀልባዋ ሰመጠች አለ። ከሞቱ አሟሟቱ ይላል ሰው፤ እኔ ሁለቱንም አላየሁ።

ኪሩቤል፦ እግዜር ያጽናዎት። አላወቅሁም።

ስንዱ፦ አገሩ ፎቶውን ታቅፎ ደረቱን ሲደቃ የኔ ዓይን ድርቅ አለ። ሬሳ በሌለበት ምኑን ላልቅስ? ዛሬ ሣጥኑን ሳይ ወጣልኝ። በቃ፣ ቁርጤን አወቅሁ፣ ልጄን ቀበርሁ ስል፣ ያ የእናንተ ሙት ተነሣ! ትሰማኛለህ? ተነሣ!

ኪሩቤል፦ ተዋናይ ነው እኮ እማማ።

ስንዱ፦ ይኼ ጠፋኝ መሰለህ? አንጀቴ ነው አልሰማ ያለኝ!

ኪሩቤል፦ ሙት ይዞ ይሞታል ይባል የለ? አንድ ጊዜ ብቻ! ወደዚያ ወደ ቁልቋሉ ሮጥ ይበሉና እንገላገል።

ስንዱ፦ አንተ ልጅ፣ እናት አለችህ?

ኪሩቤል፦ አለችኝ።

ስንዱ፦ በል ደውልላት። ሞቼ፣ ተቀብሬ፣ ተነሥቼ ብመጣ ትሸሺኛለሽ ወይ በላት። አዎ ካለችህ እኔም እሮጣለሁ።

ኪሩቤል፦ ...እናንተ! ካሜራውን መልሱት! ሌላው ይሽሽ፤ እማማን ማንም እንዳይነካቸው!