የጠፈር ጣቢያው ቀዳዳ

የምስክር ቃል

የምስክሯ ስም፦ ወ/ሮ ሀብትነሽ ተስፋው
ዕድሜ፦ 53
ሥራ፦ ጎተራ መሥራትና መምረግ
አድራሻ፦ ቡሬ ከተማ ዳር፣ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው መንገድ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ግንቦት 15 ቀን 2014 ዓ.ም.
ቃሉን የተቀበለው፦ ረዳት ሳጅን መልካሙ ናሁሰናይ

ስሜ፣ ዕድሜዬና አድራሻዬ ከላይ የተጻፈው እኔ ምስክር፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ ፖሊስም ሳይጠራኝ በራሴ እግር መጥቼ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ።

የፊዚክስ መምህር የሆኑት ገነነ አድማሴ ልጄን ህይወትን ያስተምራሉ። በሚያዝያ ወር ቤቴ ድረስ መጥተው ከተማሪዎቻቸው ጋር የጠፈር ጣቢያ ሊሠሩ እንዳሰቡና ጎተራ የሚያውቅ እጅ እንደሚፈልጉ ነገሩኝ። ሰማይ ላይ ሰው የሚኖርበት ቤት ባንድ ጊዜ አይቆምም፤ ክፍል ክፍሉ ምድር ላይ ተሠርቶ ይላካል፣ እላይ አንዱ ካንዱ ይገጠማል አሉኝ። ክፍሉን ሞጁል ይሉታል። ሥዕሉን ሲያሳዩኝ የተጋደመ ጎተራ መሰለኝና ሳቅሁ። እሳቸውም ስቀው እሱኑ ነው የምፈልገው አሉ።

በትምህርት ቤቱ ጓሮ ሁለት ትልልቅ የቀርከሃ ጎተራዎች አጋድመን አፍ ለአፍ ገጠምን። መጋጠሚያውንና ዙሪያውን እኔ በጭቃ፣ በጭድና በእበት መረግሁ። ተማሪዎቹ ውስጡን መደርደሪያ አበጁለት፤ እዚያ ሰው ተንሳፎ ነው የሚተኛ ብለው የመኝታ ከረጢት ግድግዳው ላይ አሰሩ። መምህሩ እየደጋገሙ፣ «እትየ ሀብትነሽ፣ ውጭው አየር የለውም ብለው ይምረጉት። አንዲት ስንጥቅ ካለች ልጆቹ አለቁ ማለት ነው» ይሉኝ ነበር። ይህ የትምህርት ጨዋታ መሆኑ አልገባኝም። እኔ የምር አድርጌ ያዝሁት።

ግንቦት 12 ቀን ዓርብ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ልጄ ህይወትና ጓደኛዋ ናጂሃ አብዱልሀኪም እስከ ማግሥቱ እኩለ ቀን ሊኖሩበት ገቡ። ክዳኑን ገጥሜ ዙሪያውን መረግሁ። መምህሩ ወላጆችን ሲሸኙ እኔ በአጥሩ በኩል ዞሬ ምርጊቱን ስመለከት፣ ከላይ በኩል ቡጢ የሚያስገባ ቀዳዳ አገኘሁ። መምህሩ ሳይደፍኑ የረሱት መሰለኝ። ምርጊት ከእናቴ ከተማርሁ ወዲህ ቀዳዳ ትቼ ሄጄ አላውቅም፤ ነቀዝና አይጥ የገባበት ጎተራ የመራጊዋን ስም ገበያ ያወጣዋል። ደግሞ ውስጥ ያለችው ልጄ ናት። የተረፈችኝን ጭቃ አድቦልብዬ ወተፍሁት፣ በአውራ ጣቴ ጠቀጠቅሁት፣ በላዩ ስስ ጭቃ አልብሼ በእርጥብ እጄ አለሰለስሁት። ውለታ የዋልሁ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድሁ።

ሌሊቱን ሁለቱንም ራሳቸውን ሲያማቸው እንደነበር ህይወት በኋላ ነገረችኝ። መጀመሪያ አውጡኝ ያለች እንዳትባል እያንዳንዳቸው አፍረው ዝም ተባባሉ። ቅዳሜ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ መምህሩ ልጆቹ ይዘውት ወደገቡት ስልክ ደውለው የሚያነሳ ሲያጡ ክዳኑን በመጥረቢያ ሰብረው አወጧቸው። እኔ ስደርስ ህይወት ሣር ላይ ተቀምጣ ያስመልሳት ነበር። ናጂሃ ግን አልነቃችም። ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ተወሰደች፤ እስከ ዛሬ ድምፅዋን የሰማ የለም።

ፖሊስ ሲመጣ መምህሩ መተንፈሻ ትቼ ነበር፣ ጨዋታው እንዳይበላሽባቸው ለልጆቹ አልነገርኋቸውም አሉ። ፖሊሶቹ ዞረው ግድግዳውን ቢዳስሱ ምንም አላገኙም። መምህሩ ራሳቸው በእጃቸው ቢፈልጉት አጡት። መጥረቢያው የላጠው እጃቸው እየደማ ወደ እኔ ዞረው፣ «እትየ ሀብትነሽ፣ እርስዎ አላዩትም?» አሉኝ።

«አላየሁም» አልሁ።

ከዚያ መምህሩ በቀስታ፣ ሳልተወው ቀርቼ ይሆን እንዴ ብለው ከፖሊሶቹ ጋር ሄዱ።

ቤቴ ገብቼ ዝም አይነቅዝም ብዬ ተቀመጥሁ። የእኔ ዝምታ ግን ባንድ ቀን ነቀዘ። እሁድ ከሰዓት በኋላ የናጂሃ አባት አቶ አብዱልሀኪም ከሆስፒታል ሲመለሱ ቤቴ ጎራ አሉ። የእርስዎ ልጅ እንኳን ተረፈች፣ የኔም ትድናለች ኢንሻአላህ፣ ያን መምህር ግን አልምረውም አሉኝ። ውኃ ስሰጣቸው ግማሹን መሬት ላይ አፈሰስሁት። እሳቸው በልጄ የደነገጥሁ መስሏቸው ያጽናኑኝ ጀመር። ያን ሌት እንቅልፍ አልወሰደኝም። እፍረት አንገበገበኝ።

ዛሬ ጠዋት ረዳት ሳጅኑን ይዤ ሄጄ ቦታውን በጣቴ ነካሁላቸው። ስሱ ጭቃ ሲፋቅ ውታፉ ወጣ። ላዩ ላይ ያለው የአውራ ጣት ምልክት የኔ ነው። መጻፍ ስለማልችል በዚህ ወረቀት ላይ የማኖረውም ያንኑ ጣት ነውና ያስተያዩት።

ቃሌ ተነቦልኝ ሰምቻለሁ፤ ሁሉም እውነት ነው። አንድ ቦታ ብቻ ይታረምልኝ ብያለሁ፤ ሲነበብልኝ «አላየሁም» ካልሁት ጎን «በስሕተት» የሚል ሰምቼ ነበር። ቀዳዳውን የደፈንሁት በስሕተት ነው። «አላየሁም» ያልሁት ግን አውቄ ነው፤ እንደዚያው ይጻፍልኝ ብዬ ተጽፎልኛል።

የምስክሯ የአውራ ጣት አሻራ፦ ________
ቃሉን የተቀበለው ፊርማ፦ ________