ባዶ በተባለው ቤት ላይ ስለታየው ጭስ

የሁለቱ ዞኖች ፖሊስ የጋራ መርማሪ ቡድን
የምስክር ቃል መቀበያ

የምስክር ስም፦ ወ/ሮ ድንቅነሽ ሮቤ ማራሞ
ዕድሜ፦ 47 የትምህርት ደረጃ፦ 10ኛ ክፍል
አድራሻ፦ ቡሎ ጎርሳ ቀበሌ፤ ለጊዜው በተፈናቃዮች መጠለያ፣ ድንኳን ቁጥር 114
ቃሉ የተሰጠበት፦ ጥቅምት 6 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡20 ሰዓት
ጉዳዩ፦ የአቶ ኡዴሳ ቦሩ አሟሟት

እኔ ከላይ ስሜ የተጠቀሰው ምስክር ጌዴኦ ስሆን ሟች አቶ ኡዴሳ ቦሩ ጉጂ ነበሩ። ቤተሰቦቻችን የሚተዋወቁት የሟች አባት ከወንዙ ማዶ ያለውን መሬት እንሰት እንዲተክሉበት ለአማቴ ከሰጧቸው ጊዜ ጀምሮ ነው። የአማቴ የውርስ መሬት ለሰባት ወንድማማች ተከፋፍሎ ለእሳቸው የደረሳቸው አንዲት ላም እንኳ በቅጡ የማያስተኛ ነበር። ያኔ በማዶው ያለው ሰባት ጎጆ ነው ይባላል። እኔ ሙሽራ ሆኜ ስገባ ሃያ ሦስት ቆጥሬያለሁ፤ አምና ለክትባት ስንመዘገብ ሰማንያ ስድስት ደርሰናል። እኔም ራሴ ስምንት ስለወለድኩ ማንንም አልወቅስም። ቡናችን እየሰፋ ሲሄድ የጉጂዎቹ ከብት ወደ ምንጩ የሚወርድበት መንገድ ጠበበ፣ በኋላም ጠፋ። ሟች ግን እየሳቁ «ድንቅነሽ፣ እንግዲህ ላሜን ክንፍ አብቅዪላት» ይሉኝ ነበር። ከዚያ ማዶው የየትኛው ክልል ነው የሚል ስብሰባ መጣ። ከስብሰባው በኋላ ሰላምታም ቀረ።

ሰኔ 5 ቀን 2010 ዓ.ም. ከጠዋቱ 2 ሰዓት ገደማ ጩኸት ሰምተን ብንወጣ ቤቶች ይቃጠላሉ። ባለቤቴ አቶ ሻንቆ ጅሎ ግማሽ አካላቸው ሽባ ሆኖ ከተኙ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። ልሸከማቸው ሞክሬ አልቻልኩም። «ልጆቹን ይዘሽ ሂጂ፤ እኔን ማን ይፈልገኛል» አሉኝ። ሄድኩ። ስሄድ በሩን ከውጭ ዘግቼዋለሁ፤ ለምን እንደዘጋሁት ግን እስከ ዛሬ አላውቅም።

መጠለያው ከቤታችን ፊት ለፊት ባለው ኮረብታ ላይ ነው። በሦስተኛው ሳምንት፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ፣ ከቤቴ ጣሪያ ጭስ ሲወጣ አየሁ። በማግስቱም በዚያው ሰዓት ወጣ። ባለቤቴ ሞተዋል ብዬ አልቅሼ፣ ፀጉሬን ተላጭቼ ነበርና መንፈሳቸው ነው ብዬ ፈራሁ። ከዚያ ወዲህ 6 ሰዓት ሲሆን ጀርባዬን ለማዶው ሰጥቼ እቀመጥ ነበር። ባላየውም መውጣቱን አውቀው ነበር። የጎረቤት ድንኳኗ ወ/ሮ ቡርቴ «ያንቺ ሰውዬ ሞቶም ገንፎ ያገነፋል እንዴ?» እያለች ሴቶቹን ታስቅብኛለች።

መስከረም 18 ቀን 2011 ዓ.ም. የወንድሜ ልጅ ዱካሌ ዳምባላ፣ ዕድሜው 26፣ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር መጥቶ «አክስቴ፣ ያ የሚጨሰው የማን ቤት ነው?» ሲል ጠየቀኝ። በዚህ በቀኝ እጄ ጣት አመልክቼ «የኔ ነው» አልኩት። «ገብተውበታላ!» አለ። እኔም «ታዲያ ምን ታፈጣለህ? ቀሚሴን ላውስህ?» አልኩት። እነሱም ሳቁ፣ እኔም ሳቅኩ። ጦርና ገጀራ ይዘው ወደ ወንዙ ሲወርዱ አይቻለሁ። ተመለሱ አላልኳቸውም።

ከቀኑ 9 ሰዓት ሲሆን ባለቤቴን በቃሬዛ ተሸክመው አመጡልኝ። በሕይወት ነበሩ! እንዲያውም ወፍረዋል፤ ጢማቸውም ተላጭቷል። ደስታዬን ከመርማሪው አልደብቅም፤ አሁንም ስናገረው ፊቴ ይፈታል። እልልታዬ መጠለያውን ሞላው፣ ቡርቴም አብራኝ እልል አለች። እልልታው ሳያልቅ ባለቤቴ «ኡዴሳ ውሃ ሊቀዳ እንደወጣ እነዚህ አፈፍ አድርገው አመጡኝ፤ ሳልነግረው መጣሁ፣ ሲያጣኝ ይጨነቃል» አሉ። ዞሬ ዱካሌን አየሁት። የሟችን ቢጫ ጀሪካን ይዟል። ባለቤቴን በመንገድ ሲያጠጡ የመጡት ከእሱ ነው። ዱካሌም አንገቱን ደፍቶ በጆሮዬ «አክስቴ፣ እኛ ምን እናውቃለን? ከምንጩ ተመልሶ ወደ ቤትሽ ሲመጣ አገኘነው» አለኝ። የጦሩን ጫፍ በእንሰት ቅጠል ጠቅልሎት ነበር።

ባለቤቴ እንደነገሩኝ፣ የዘጋሁትን በር ሟች የከፈቱት በሁለተኛው ቀን ነው። ከራሳቸው ሰዎች ተደብቀው በየቀኑ ብቻቸውን እየመጡ ያበሏቸውና ያጥቧቸው ነበር። ከጀርባ ያለው ተራራ ስለሚጋርደው ጭሱ ለሟች መንደር አይታይም፤ የሚታየው ለእኛ መጠለያ ብቻ ነው። ሟች መጠለያችን እዚህ መሆኑን ካወቁ ወዲህ እርጥብ ቅጠል እየጨመሩ «ይህን ድንቅነሽ ታየዋለች፤ መኖርህን ታውቃለች» ይሉ እንደነበር ባለቤቴ ነግረውኛል።

ወንድሜ «ምንም አላየሁም በይ፤ ልጄን ለገመድ ትሰጪዋለሽ?» ብሎኛል። ዱካሌን ጡት አጥብቼዋለሁ፣ አንጀቴ ነው። ነገር ግን የሁለቱ ሕዝብ ሽማግሌዎች በሚቀጥለው ሳምንት ጊደር አርደው በጎንዶሮ የዕርቅ ሥርዓት ሊያስታርቁን ነው፤ በዚያ ቦታ ደም ደብቆ የቆመ ዘሩ አይበረክትም።

ለባለቤቴ እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም። በየቀኑ 6 ሰዓት ሲሆን ወደ ማዶ አዙሪኝ ይሉኛል። አዞራቸዋለሁ። «ዛሬም አላነደደም፤ ተቀይሞኛል» ይላሉ። ይህን ቃል ሰጥቼ ስመለስ ሰዓቱ ይደርሳል፤ ዛሬ እነግራቸዋለሁ።

ስለ ጣቴና ስለ ቀሚሴ የተናገርኩት ለምርመራው አያስፈልግም ቢሉኝም እንዲጻፍ ጠይቄ ተጽፏል። ቃሌ ተነብቦልኝ ከተናገርኩት ያልጎደለና ያልተጨመረበት እውነት መሆኑን አረጋግጣለሁ። መፈረም ብችልም ያመለከትኩበት ጣት አሻራም እንዲያርፍበት በራሴ ፈቃድ ጠይቄያለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ድንቅነሽ ሮቤ
የቀኝ እጅ አመልካች ጣት አሻራ፦ [አርፏል]
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ፦ ም/ሳጅን ገልገሎ ዋሪዮ (ፊርማ)
ታዛቢ፦ ኮንስታብል መብራቴ ሹንዳ (ፊርማ)